ለእንጉዳይ እግር የሚሆን መሬት

ኅዳር 6 ቀን 1976፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ከሐይቁ ዳር አሁን መመለሴ ነው። ኪሴ ሁሉ አሸዋ። ለስላሳ ነው ብዬ የመረጥሁት እኔ። ለስላሳስ ለስላሳ ነው፤ ብስክሌቴ ሰመጠ፣ እኔም ተከተልሁት። የእህቴ ልጅ እንጉዳይ ሩጫዋን አቁማ ሳቀችብኝ። ወዲያው ግን ባቷን ይዛ ተቀመጠች። አሸዋ ቀረ።

ደብተሬ፣ ነገሩን ካላወቅህ፦ አስፋልት ላይ ስትሮጥ የእግሯ አገዳ ያማታል። ውድድሩ ታኅሣሥ 1 ነው። ያሸነፈች ለክ/ሀገሩ ቡድን አዲስ አበባ ትሄዳለች። አሠልጣኟ ቁርጡን ነግሯታል፤ እያነከሰች ካያት ስሟን ያወጣል። ክፉ ሰው አይደለም። እግሯ እንዳይሰበር ፈርቶ ነው።

ኅዳር 8፣ ማታ
ጠዋት ኳስ ሜዳ። ሣሩ ምንጣፍ፣ ከሥሩ ጉድጓድ። ቁርጭምጭሚቷ ለጥቂት ተረፈ። ከሰዓት ዋልካ። ከላይ የደረቀ መስሎ ጫማዋን ዋጠው። "ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ታንኳ ላይ ልሩጥ?" አለችኝ። ታንኳ አላጣም፣ ጉማሬውን አንቺ አስፈቅጂ አልኋት።
ማታ ማታ ተሸፋፍና እንደምታለቅስ እህቴ አሁን ነገረችኝ። 

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት
ገበያ። ሱቄ በር ላይ ጎማ እየለጠፍሁ መንገዱን አያለሁ። ከሐሙሲት በኩል ጭነት የያዙ አህዮች ይመጣሉ። ነጂው በዱላ ወደ አስፋልቱ ይገፋቸዋል። ጥቂት ሄደው ወደ ዳር፣ ወደ አፈሩ መንገድ። ደግሞ ይገፋል፣ ደግሞ ይመለሳሉ። የሚቀጥለውም ነጂ እንዲሁ። ሁሉም!
ጎማውን ጥዬ ወጣሁ። አፈሩን በእጄ ዳሰስሁ፣ በባዶ እግሬ ዘለልሁበት። ጠጠር የለው፣ ጉድጓድ የለው። ጠንካራ ነው፣ ግን አጥንት አይመታም። ባለብስክሌቱ ከኋላዬ ይጮሃል፦ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጎማዬን!"

ኅዳር 10
ወሰድኋት። መንገዱን ማን መረጠው ስትለኝ፣ አንድ ትልቅ ባለሙያ ነው፣ ዕድሜውን በእግሩ የኖረ፣ ጆሮው ብቻ ትንሽ ረዘም ይላል አልኋት። አልገባትም። ከዓባይ ድልድይ ማዶ ርቃ ሮጣ ተመለሰች። አገዳዋን አልያዘችም። አልያዘችም!
አህዮቹ ከፊቷ ሲመጡ ገባት። በጓል አባረረችኝ። እኔም ሮጥሁ፤ መንገዱ በእውነት ጥሩ ነው።

ኅዳር 25
ሕመም የለም። አሠልጣኙ መጥቶ አየ። አፈሩ ደግ ነው፣ ውድድሩ ግን አስፋልት ላይ ስለሆነ እግሯ እንዳይረሳው አልፎ አልፎ ትቅመስ አለ። እንደ ሚጥሚጣ፣ ለቅምሻ አልሁት። ሳቀ። ስሟን አላወጣም።

ታኅሣሥ 1፣ 7 ሰዓት
መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ ንግግር፣ ከዚያ መፈክር። ተለቀቁ። በብስክሌት ከኋላ ተከተልሁ። ድልድዩን እንዳለፉ አገዳዋን ነካ አደረገች። አበቃ አልሁ።
እኔ ቃል አልተነፈስሁም። ራሷ ከአስፋልቱ ወርዳ የአህዮቹን መንገድ ያዘች። ሕዝቡ ሳቀ። "አንቺ፣ ጭነትሽስ የት ወደቀ?" የሚል አለ። እግሯ ተፈታ። አንዷን አለፈች። ሌላዋንም። ከማብቂያው በፊት፣ የመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ጋ ወደ አስፋልቱ ስትወጣ ከፊቷ ሰው የለም። አንደኛ!
ዳኞች ተጨቃጨቁ። ከመንገድ ወጥታለች አለ አንዱ። አሠልጣኙ ተነሣ፦ የዳሩ መንገድ ይጠማዘዛል፣ እሷ አስረዘመች እንጂ አላሳጠረችም፣ ማንንም አልገፋችም። ዋናው ዳኛ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ጸደቀ! እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የሳቁት ተሸክመዋት ዞሩ። ምሳ አልበላሁም፣ አልራበኝምም።

ታኅሣሥ 3
አዲስ አበባ የሚሮጡበት መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ አሠልጣኙም አያውቅ። ቆረጥሁ። እሷ ሳትረግጠው እኔ ሄጄ እረግጠዋለሁ።
ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ገባሁ። ጓድ ሊቀ መንበሩ ለምን ጉዳይ? አለኝ። መሬት ለማየት፣ አልሁ። መነጽሩን አወለቀ። የማን መሬት? እንጉዳይ ልትሮጥበት ነው ስለው ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና ውድድሩን ከመጀመሪያው እንድተርክለት አዘዘኝ። ተረክሁ። ትንሽ ጨመርሁበት። ማኅተሙን ራሱ መታልኝ።
ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ሱቁ ዝግ ነው። ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ እስክመለስ ይሩጥ።