ዋስ የሌለው የመብራት እቁብ

ሰኞ

አፌን ማን ይዝጋልኝ! ዛሬ ሚቲንግ ላይ እንደ ሰው ቡናዬን ይዤ መቀመጥ ስችል «ማሽኑ አያስፈልግም» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አለቃዬ ሚስተር ካርል መነጽሩን አወለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሯችን ካሪቢያን ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴትን ስለ መብራት ያማክራል። ደሴቲቱ ያላት አንድ ያረጀ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ ናፍጣውም በመርከብ ነው የሚመጣው። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ጄኔሬተሩ አይችልም፣ መብራት ድርግም ይላል። የኛ ሰዎች ምክር ሌላ ትልቅ ማሽን ግዙ ነው። ይግዙ! ግን ዋጋው የሚጫነው ሕዝቡ የመብራት ሂሳብ ላይ ነው፤ አሁን እንኳ አምፖል መርጠው ነው የሚያበሩት።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ስድስት የዓሣ በረዶ ቤቶች አሉ፣ ስድስቱም ማታ አብረው ይሠራሉ። በሩ ከተዘጋ አመሻሹን ቢያጠፉት ዓሣው ምንም አይሆንም። ታዲያ በየማታው ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ለምን አያጠፉም?

«የትኛው ነጋዴ ነው ለሌላው ብሎ የሚያጠፋው?» አለ ሚስተር ካርል።

«እኛ አገር እቁብ የሚባል ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩ። ጀመርኩ እንጂ መጨረሴን እንጃ። ብቻ እስከ ዓርብ ሞክሪ አለኝ። ዓርብ የደሴቲቱ ሰዎች የማሽኑን ውል ይፈርማሉ፤ የኔም የሙከራ ጊዜ የዚያኑ ቀን ያልቃል። ካልሆነልኝ ተመልሼ ዳውንታውን የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ከተማችን ኦሎምፒክ ካስተናገደችበት ጊዜ ጀምሮ የለበስኩት የሥራ ጃኬት ቁም ሳጥን ውስጥ ይጠብቀኛል።

ማክሰኞ

ሚስ አይሪስ ጋ ደወልኩ። የደሴቲቱ መብራት ጣቢያ ኃላፊ ናቸው። ድምፃቸው እንደ እናቴ ቆጣ ያለ ስለሆነ በእንግሊዝኛ እያወራሁም በሆዴ «እርስዎ» ነው የምላቸው። እቁብን ላስረዳቸው ብዬ ላቤ ጠብ እስኪል ለፈለፍኩ። ከት ብለው ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄማ እኛም ጋ አለ። እናቴ ቤቷን የሠራችው በሱ ነው።»

አስተማሪ ነኝ ብዬ ገብቼ ተማሪ ሆኜ ወጣሁ። ግን ደስ አለኝ! ነጋዴዎቹን ዛሬውኑ ሰብስበው ዕጣ ያወጣሉ፤ የእቁቡ ዳኛ ራሳቸው ናቸው።

ባሌ ሰኢድ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሲገባ ነገርኩት። የታክሲ ሾፌሮች እቁብ ጸሐፊ ነውና ኩራቱ አይቻልም። «የመብራት እቁብ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» መኮሮኒዬን እየበላ ሳቀብኝ።

ረቡዕ

ጠፋ።

ጠዋት ሚስ አይሪስ ደወሉ። አንዱ ባለተራ አጥፍቷል። ሌላው፣ ትልቁ በረዶ ቤት ያለው ሰውዬ፣ እሺ ብሎ ፈርሞ አላጠፋም። ደሴቷን በሙሉ ጨለማ ዋጣት፣ ክሊኒኩ ሳይቀር። ከጣቢያው ለምን አይቆርጡበትም ብላቸው፣ እሱና ክሊኒኩ አንድ መስመር ላይ ናቸው አሉኝ።

ሚስተር ካርል የማሽኑን ውል አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰፈሬ ስኮትዴል እስክደርስ በመኪናዬ ውስጥ ያን ሰውዬ ስረግመው መጣሁ። ቤት ገብቼ ድስት አጋጨሁ። ሰኢድ «ምን ሆንሽ?» አለ፤ ነገርኩት።

«ዋሱ ምን አለ?»

«የምን ዋስ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዋስ የሌለው እቁብ የት ነው ያየሽው? ዕጣ ወጥቶለት ቢጠፋ ማንን ልትይዢ ነበር?»

ወይ ጉዴ! ደሴ ከተማ እናቴ ዋስ ፍለጋ ቤት ለቤት ስትንከራተት ቀሚሷን ይዤ የዞርኩ ልጅ፣ ዋስ ረሳሁ! ኢንጂነር ነኝ ባይዋ! ሰኢድ ይሄንኑ ደጋግሞ አለው፤ ይበለው፣ ዛሬ የሱ ቀን ነው።

ሐሙስ

ማታም ጠፍቶ አድሯል፤ እሱ ካላጠፋ እኛስ ብለው ሌሎቹም አላጠፉም። ጠዋት አዲሱን ደንብ ፋክስ አደረግኩ፣ አልበቃ ብሎኝ ደወልኩም። ሁሉም ዋስ ይጥራ፤ ባለተራው ካላጠፋ ዋሱ በሱ ፈንታ ያጠፋል፣ የራሱም ተራ ሲደርስ አይቀርለትም።

«ያኛው ሰውዬ ማንን ይጥራ?» አሉ ሚስ አይሪስ።

«የሚፈራውን።»

የሚስቱን እናት ጠራ። አማቲቱም የራሳቸው በረዶ ቤት አላቸው። ዛሬ ማታ ያመለጠውን ተራ ይወጣል ተብሏል።

ከመግሪብ በኋላ ዱዓ አደረግኩ፦ አላህ ሆይ፣ አማቲቱን አበርታልን። ቤታችን ይግላል፣ ግን ኤሲውን ማብራት አስጠላኝ። ሰኢድ በጋዜጣ እያራገበ «የደሴቷ መብራት በኛ ኤሲ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ፈርቻለሁ። እዚያ ቡዝ ውስጥ መመለስ አልፈልግም።

ዓርብ

አልጠፋም! አልሐምዱሊላህ፣ አልጠፋም!

ቢሮ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነው ስልኩ የጮኸው። ሚስ አይሪስ ሳቃቸው ቀድሟቸው መጣ። አማቲቱ ገና ሳይመሽ ወንበር አስይዘው አማቻቸው በር ላይ ተቀመጡ። እሱም ወጥቶ አያቸው፣ ገብቶ አጠፋው። ክሊኒኩ በርቶ አመሸ፣ ልጆች መብራት ላይ አጠኑ። ውሉን አልፈረሙም፤ ለሁለት ወር አቆይተው በእቁቡ ሊሞክሩ ነው። ሁለት ወሩን አላህ ያውቃል።

ሚስተር ካርል የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ሰኞ ስትመጪ ይሄን የዋስ ነገር ለሌላኛዋ ደሴት ጻፊልኝ» አለ። ሰኞ ስትመጪ! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ሰኢድ ከጁምዓ መልስ ደወለ።

«ቀጠሩሽ?»

«ቀጠሩኝ።»

«ዋስሽ ማን ነው?»

አይቻቸው የማላውቅ፣ ወንበር ይዘው በር ላይ የተቀመጡ አንዲት አማት።