በዳዊቱ ማኅደር የደበቅሁት ክኒን

ለምወድሽ እኅቴ ለትርንጎ በላቸው፤
አዲ አርቃይ።

እንደምን ከርመሻል እታለም? ባለቤትሽ የሻው፣ ልጃችሁ ወለተ ሚካኤል፣ ከብቱስ እንደምን ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለቤቴ ሐረገወይን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብኝም አለሁ። ልብሽስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅሽ ለሰላምታ ያህል አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

«ደብዳቤህን ሰምቼ ክኒኑን ወንዝ ጣልሁት፤ እኔም እንዳንተ እንደ አያ በእምነቴ እድናለሁ» ያልሽው ትናንት ደረሰኝ። እታለም፣ እኔ አልዳንሁም።

አምና እዚህ ጎንደር ሐኪም ቤት አብረን ስንታይ ሐኪሙ «ልባችሁ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል፤ በየጠዋቱ ይህን ዋጡ» አለን። «እስከ መቼ?» ስለው «እስካላችሁ» ማለቱን ታስታውሻለሽ። ያች ቃል ከበደችኝ። ዕድሜዬ በእግዚአብሔር እጅ ሆኖ ሳለ በየማለዳው ለአንዲት ፍሬ ክኒን ማደር እምነት ማጣት መሰለኝ። ሐረገወይንም ያን ሁሉ መድኃኒት ውጣ አልተረፈችልኝም። ስለዚህ ክኒኑን ትቼ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወረድሁ፤ ጠበሉ ሲረጭብኝ «ተፈወስሁ!» ብዬ ጮህሁ። ሰው እልል አለ። በማግስቱ ላንቺም ይህንኑ ጻፍሁ። ያን ዕለት ልቤ ሸጋ አድርጋ ትመታ ነበርና የዋሸሁ አልመሰለኝም።

በዘጠነኛው ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልቤ እንደ ደነበረች በቅሎ ትፈረጥጥ ጀመር። ዓይኔ ጨለመ፤ ከደጄ ወደቅሁ። ማንም አላየኝም። ነፍሴን ሳውቅ ሐኪም ቤት ሄድሁ፤ ሐኪሙ ተቆጥቶ ክኒኑን መልሶ አስጀመረኝ። ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ያን ሁሉ እልልታ አስቤ አፈርሁ። ክኒኑን በዳዊቴ የቆዳ ማኅደር ከተትሁት፤ ጠዋት እጄን ስሰድ የሚያየኝ ሁሉ ልጸልይ ይመስለዋል። እኔም እንዲመስለው እወድ ነበር።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሮጬ ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደኢየሱስ ተናዘዝሁ። «ጠበሉን የሰጠ መድኃኒቱንም ሰጥቷል። የዋሸህ ጠበሉ አይደለም፤ የዋሸኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤቴ አያ አድማሴ እያዩኝ ዋጥሁ። «ምነው ማሩ፣ እልል ያስባልኸን ለዚች ኖሯል?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

እባክሽ በመጀመሪያው ማኪና ተሳፍረሽ ነዪ። ደኅና ነኝ ብለሽ አትዘግዪ፤ እኔም ስምንት ቀን ደኅና ነበርሁ። ማኪናው ከሚቆምበት በየቀኑ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ሐኪሙ «ለምን ተውሽው?» ሲል አንቺ ዝም በዪ፤ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ወለተ ሚካኤልን ሳሚልኝ። የአማትሽን የእማሆይ ሽታዬን ጉልበት ስሜያለሁ በዪልኝ፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ። የሻውንም ሰላም እላለሁ። ያችኛዋን ደብዳቤ ጎረቤቱን ሰብስቦ አንብቦላቸዋል ብለሽኛል። ይህችንም እነዚያኑ ሰዎች ሰብስቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልኝ።

ወንድምሽ ማሩ በላቸው
ጎንደር፤ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.