የአኒስ ስድስት ሴኮንድ

ጥቅምት 6
ዛሬም 143 ተመልካች። ከሐይቁ ዳር ፔሊካን ወፎቹን ቀርጬ ጫንሁ… ማን አየው? ይህን የቲክቶክ ገጽ የከፈተው ወንድሜ አኒስ ነው። እሱ እያለ ሺህ ሳይሞላ ቀርቶ አያውቅም። ጣና ከወሰደው ሁለት ዓመት። ገጹም እኔ እጅ ላይ ሊሞት ነው?

ጥቅምት 9
ሹም አቦ ሰፈር፣ ሰላህ ዘንድ ሄድሁ። ሞባይል ይጠግናል፤ የአኒስ ጓደኛ ነበር።
«ሱንዱስ፣ አንድ በአንድ ቀይሪ። ሁሉንም ባንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቂያለሽ?»
መጀመሪያ ሰዓቱን። ከዚያ ርዝመቱን። ከዚያ መክፈቻውን… ሰው በሦስት ሴኮንድ ካልተያዘ ያልፋል አለኝ።

ጥቅምት 12
በጠዋት ፋንታ በምሳ ሰዓት። 151።

ጥቅምት 17
ከትናንት ወዲያ ወደ አሥራ ሁለት ሴኮንድ አሳጠርሁት። 208። በማግስቱ ወፉ ዓሣ ሲውጥ መክፈቻ አደረግሁ። 390። ሰላህ «የሰው ድምፅ ይጎድለዋል» አለ። የራሴን ሞከርሁ። የሬዲዮ ዜና መሰለ… አጠፋሁት።
የሰው ድምፅ… አለኝ እኮ። ስልኬ ውስጥ።

ጥቅምት 20
አደረግሁት። አኒስ ጣና በወሰደው ቀን ጠዋት በቴሌግራም የላከልኝ ድምፅ። አርባ አንድ ሴኮንድ ነው፤ ስድስቱን ብቻ ቆረጥሁ። «ሱንዱ! ውኃው ዛሬ ዝም ብሏል። ነይ፣ ነይ እይው!» ከዚያ ሳቁ። ሁለት ዓመት ከፍቼው አላውቅም። ግን ጫንሁ።

ጥቅምት 21
ስድሳ ሺህ።

ጥቅምት 23
ሦስት መቶ አሥር ሺህ። የማላውቃቸው ሰዎች ድምፁን እየወሰዱ የራሳቸው ቪዲዮ ላይ ይለጥፋሉ። አንዱ ፍየሉን እያጠበ። ዛሬ ከጎረቤት መስኮት «ነይ፣ ነይ» ሲል ሰማሁት። ሳላስበው «አቤት» አልሁ… ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

ጥቅምት 25
እማ ከዓባይ ማዶ ስትመለስ ባጃጁ መንገድ ላይ ቆመ። ከጎን ባለው ባጃጅ ከአንዱ ተሳፋሪ ስልክ ሰማችው። «አኒስ!» ብላ ወረደች። በመኪና መሀል። ሰዎች ደግፈው አመጧት፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው።
«ልጄ ጠራኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»
«አሪፋ፣ ሐዘን ነው» አሏት አባባ።
ድምፁን የለቀቅሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ጥቅምት 26
ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር…
«ድምፁ ነበረሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ?»
«አዎ እማ።»
«ሌላስ? ሌላ ያለው የለም?»
«የለም።»
ዋሸሁ። ሌላው ሠላሳ አምስት ሴኮንድ ይኸ ነው፦ «በጀልባ ልንወጣ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከሰዓት ንፋስ አለ ይላሉ፣ እነሱ መቼም ያካብዳሉ። ለእማ እንዳትነግሪያት፣ ትከለክለኛለች።» አልነገርኋትም። ከሰዓት ጀልባዋ ተገለበጠች።

ጥቅምት 29
ቪዲዮውን አጠፋሁት። ድምፁ አልጠፋም። በሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለ። ዛሬ ገበያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራኝ።

ኅዳር 2
እማ የንጋቱን ሱብሂ ሰግዳ ሳትነሣ ስልኩን መስገጃዋ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ከፈትሁላት። «ለእማ እንዳትነግሪያት» ሲል ቀና ብላ አየችኝ። ሲያልቅ «ድገሚው» አለች። ሦስት ጊዜ ደገምሁ። ተነሥታ ክፍሏ ገባች።

ኅዳር 3
አላናገረችኝም።

ኅዳር 5
ዛሬም።

ኅዳር 8
ገጹን ካየሁት ስድስት ቀን። ስንት ሰው እንዳየው አላውቅም።
ጠዋት ግቢ ውስጥ አንሶላ እያጠብሁ ነበር። ብቻዬን ልጨምቀው ስታገል እማ መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። አብረን ጠመዘዝን።
«ያን ቀን ብትነግሪኝ እከለክለው ነበር» አለች።
«አውቃለሁ እማ።»
«እሱም አይሰማኝም ነበር… ይመስለኛል።»
ፊቴን አላየችም። ውኃው ጠብ ማለቱን አቆመ። ጫፉን ግን አልለቀቀችም።