በቢጫው በር ግባ

ውድ አባዬ፣

በዚህ ወፍራም ማርከር የምጽፍልህ አምሮኝ አይደለም። አንድ ገጽ ላይ ስድስት መስመር ብቻ ነው የሚገባው፤ ፖስታው እንደ ትራስ ያበጠውም ለዚህ ነው። ራስህ እንድታነበው ብዬ ነው። ወንድሜ ካነበበልህማ ያልጣመውን እየዘለለ እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። ወደ መስኮቱ ጠጋ በልና ቀስ እያልክ አንብበው።

ጥፋቴን ላስቀድም፤ ቤትህን ቀባሁት። ነጭ አይደለም።

ተቀመጥ እንጂ አባዬ!

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ነጭና ክሬም ስትቀባ ኖረህ፣ የራስህንም ትንሽ ቤት ግድግዳውን፣ በሩን፣ የደጃፉን ደረጃ ሳይቀር ነጭ አደረግኸው። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ቀለም ስትለምንህ «ቤት ነው እንጂ ሱቅ አይደለም» ትላት ነበር። ዓይንህ ሲደክም ያ ሁሉ ነጭ ተደባለቀብህ። አምና የወደቅህ ዕለት እግርህ የሳተው ራስህ የቀባኸውን ደረጃ ነው። ወንድሜ ደንግጦ ወደ እሱ ቤት ወሰደህ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «እኔማ እዚህ እንግዳ ነኝ» እያልክ ስትስቅ፣ ሳቁ የውሸት መሆኑ ይገባኝ ነበር። ናፍቆሃል፣ ቤትህ ናፍቆሃል። ልጠይቅህ ግን ፈራሁ።

ባለፈው ወር ወንድሜ «ቤቱን ላከራየው ነው» ሲለኝ አላስቻለኝም። የዓይን ሐኪምህ ጋ ሄድኩ። «አባትሽን የሚያስቸግራቸው ፈዛዛው ነው፤ ደማቅ ነገርማ ይለያሉ» አለችኝ። ገና ከክሊኒኩ ሳልወጣ ለወንድሜ ደወልኩለት።

«አባዬ ከአጥሩ በር እስከ አልጋው ድረስ ማንም ሳይደግፈው ከገባ፣ ቤቱ ውስጥ ይኖራል። ካልሆነለት ታከራየዋለህ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

«አንቺ? አፍሽን ልትዘጊ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቆየት ብሎ ግን «እሺ፣ ይሁን» አለ።

ሥራውን ከረዥሙ ጋር ጀመርን። ያው ጓደኛህ፣ ያለ መሰላል ጣሪያ የሚቀባው። ያን የሚያህል ሰው ከእኔ ብሶ ፈራ። «በአባትሽ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀባ ተብዬ የት እገባለሁ?» እያለ ብሩሹን ይዞ ሲቆዝም ዋለ። እኔም ምን ቀለም የት እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ነበር። ባዶ ጣሳ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገባሁና በሩን ከውስጥ ገፋ ሳደርገው ግን ደርቄ ቀረሁ። የበሩ ጀርባ ከላይ እስከ ታች ቀለም በቀለም ነው! ጣት ጣት የሚያህሉ ቅቦች፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ።

«ብሩሽ የጠረገበት ነው፤ አምጪ ነጭ ላስነካው» አለ ረዥሙ።

«እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። ከቅቦቹ አጠገብ የእማዬን የእርሳስ ጽሑፍ አይቼ ነበር። «ለኩሽናው»። «ለደረጃው»። «ለበሩ»።

ያኔ ረዥሙ ጣሳ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። ደማቅ ቀለም ያዘዘ ደንበኛ ሐሳቡን ሲቀይር፣ የተረፈውን ለእማዬ ይዘህላት ትመጣ ነበር አሉ። እሷ ትመርጣለች፣ አንተ «ነገ» ትላታለህ። ለእሱ ግን እውነቱን ነግረኸዋል። «ነጭ ላይ ስህተቴ አይታይም። ቀይ ላይ እጄ ቢንቀጠቀጥ ሚስቴ ታይብኛለች» ብለኸዋል። አባዬ፣ ይህን ስሰማ እየሳቅሁ አለቀስኩ። እኔ እኮ የምትፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

እንግዲህ እማዬ እንደጻፈችው አደረግነው። ደረጃው ቀይ ሆነ። ኩሽናው ድፍን ሰማያዊ ነው፤ የመብራት ማብሪያውን ዙሪያ በብርቱካናማ ከበብኩት። የመኝታ ቤትህ በር አረንጓዴ ነው። የኮሪደሩ ብርቱካናማ ሲደርቅ ጠቆረብኝ፤ እርጥቡን አይተሽ አትመኚ ስትለኝ አልሰማህም ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አይታ «ካሮት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» አለች፤ አሁን ግን በሰበብ አስባቡ እየመጣች ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች። ጠርዙን ሁሉ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እባብ የሄደበት ይመስላል። አላስተካከልኩትም። ይታይ!

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ያመጣሃል። እኔና ረዥሙ አጥሩ በር ላይ ቆመን እንጠብቅሃለን፣ ቃል አንተነፍስም። መጀመሪያ ቀዩን ደረጃ ታያለህ፣ ከዚያ ቢጫውን በር። እማዬ የመረጠችው ቢጫ ነው።

በሩ ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የተቀባው። ረዥሙ ሊደግመው ሲል ከለከልኩት። መያዣው አጠገብ ነጭህ አሁንም ብቅ ይላል። አንድ እጅ የተቀባ በር እያለ እንቅልፍ እንደማይወስድህ አውቃለሁ። ሁለተኛውን አንተ ነህ የምትቀባው። ብሩሽህን አጥቤ ሚስማሯ ላይ ሰቅዬልሃለሁ። እጅህ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጠቀጥ አባዬ፤ የእኔን ጠርዝ ያየ ሰው ያንተን ልብ አይልም።

ጠርዝ የማይቀናላት ልጅህ