መሬት የለው፣ በሬ የለው

የካቲት 3

...ዱቄቱን በመዳፋችን እየተቀበልን እንልሰው ነበር። በውሃ እንደሚበጠበጥ ማን ነግሮን? ክፍሉ በሙሉ ከንፈሩ ነጭ። መምህሩ ሊቆጡን ዞሩ፣ ሳቅ አመለጣቸው፣ ተመልሰው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ወተት መሆኑን ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ...

ከዚያ ምን እንደሆነ አላስታውስም። ቢሮ ተቀምጬ ድንገት መጣብኝ።

ሌላው እንደማንኛውም ቀን ነበር። ሻይ መጣ። አለቃችን አስናቀ ከአዲስ አበባ የተላከውን መልእክት ጮክ ብሎ አነበበልን። ሀብታሙ አገር ለሌሎች አገሮች የሚሰጠውን እርዳታ አቁሟል፤ ፕሮጀክቱ ይዘጋ፣ ሠራተኛው ይሰናበት። ደግሞ አነበበው። ሁለተኛ ሲነበብ የሚሻሻል መስሎት ይሆን? ከዚያ ሁላችንም ሻያችንን ጠጣን። ምን ይደረጋል። ሻዩ አልተቋረጠም።

ስምንት ዓመት። ከገሳይ ከተማ ወዲያ ላሉ ገበሬዎች፣ ክረምት ገብቶ የእህል ጎታው ሲራቆት፣ ስንዴ ሳድል። የራሴ ስንዴ ይመስል።

የካቲት 4

ለባለቤቴ ለሠናይት ነገርኳት። «የእኔ አለ» አለች። የእሷ ማለት የአስተማሪ ደመወዝ ነው። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ግን ከእኔ ይሻላል፣ ሥራ ይሠራበታል። የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር።

የካቲት 8

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ተባለ። ሄድኩ። ለገበሬዎቹ መንገር ነበረብኝ።

እንደወትሮው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰቡ። ሊቀመንበራቸው አባ ይሻው በትራቸውን ተደግፈው ከፊት። መኪና ውስጥ አንድ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ሌላ ተናገረ። «መስጠት ሰልችቷቸዋል» ማለት አፈርኩ መሰለኝ... ማን ይፈር ነበር? እነሱ ወይስ እኔ? «ቤታቸው ተቸግሮ ነው» አልኩ።

አባ ይሻው ተጨነቁ። «ምን ደረሰባቸው? በረዶ ነው?»

አይደለም አልኩ።

«ሞት ነው?»

«አይ... ምርጫ ነበራቸው።»

«እግዜር ያጽናናቸው» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ።

እስካሁን አላወቅኩም። አዝነው ነው ወይስ እየቀለዱብኝ? ፊታቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ጎንደር ውስጥ ተወልጄ አድጌ አሁንም ሽማግሌ ሲቀልድ አላውቅም።

ስብሰባው ሲበተን እትዬ ፈንታነሽ ጠጋ አሉኝ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፣ በየዓመቱ ስንዴ ከሚወስዱት። ስለ ስንዴው አልጠየቁኝም። «አንተስ?» አሉኝ።

«እኔማ ምን እሆናለሁ? ሌላ ፕሮጀክት ይመጣል።»

ውሸት። ለምን ዋሸሁ? ሥራ መፍታቴን እዚያ ሰፈር ማንም እንዲያውቅ አልፈልግም። ደብረ ታቦር ይወቅ፣ ባሕር ዳር ይወቅ፣ እነሱ ብቻ አይወቁ። ስምንት ዓመት እጄ ከላይ ነበር።

የካቲት 15

የሠናይት ወንድም ማሩ ከይፋግ ደወለላት። ጤፍ ልላክ አለ። አይሆንም አልኩ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ፦ «አገር ሲሰጥ ትቀበላለህ። ወንድሜ ሲሰጥ ስድብ ይመስልሃል።»

 

የካቲት 25

ከጓደኛዬ ከሙሐዲን ሱቅ ዋልኩ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ገመድ፣ ጥራጥሬም ይሸጣል፤ ከዕቃው ምላሱ ይበዛል። እሱ ረመዳን ላይ ነው፣ እኔ ዐቢይ ጾም። ሁለት የተራበ ሰው ስለ እርዳታ ሲከራከር።

ጠየቅኩት። ሀብታም አገር ለሌላው የመስጠት ግዴታ አለበት?

«ዘካ ስጦታ መሰለህ?» አለኝ። «ከሀብቴ ውስጥ የድሃው ድርሻ ነው። የሰው ድርሻ መልሼ ማን ያመሰግነኛል?»

ያ አገር እኮ እስላም አይደለም አልኩት።

«እሱማ ያስታውቃል።»

ከዚያ ግን ራሱን ተቃወመ። ድርሻው መጀመሪያ ለቅርብ ዘመድና ለጎረቤት ነው አለ። የራሱ ሰው ተርቦ ባሕር ማዶ የሚመጸውት ቂል ነው አለ። ጎረቤት ሲባል እስከ የት ነው? ብዬ ያዝኩት። አሰበ። እውነት አሰበ፤ ጺሙን ያዘ። ያኔ አንዲት ሴት ባልዲ ልትገዛ ገባች። እስከ የት እንደሆነ ሳይነግረኝ ባልዲው ተሸጠ።

የካቲት 27

ማታ ሠናይትን፦ አንቺ እነሱን ብትሆኚ ለእኛ ትሰጪ ነበር?

«እሰጥ ነበር። ፎቶ ግን አልጠይቅም ነበር።»

ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ማለቷ ነው። ጆንያ ያቀፈ ሰው ሁሉ። ፈገግ በሉ እል ነበር። ፈገግ ካላሉ ደግሜ አነሳ ነበር።

መጋቢት 6

ከገሳይ ገበያ የተመለሰ ነጋዴ ሰላምታ አመጣልኝ። ከአባ ይሻው። «ሥራ መፍታቱን ሰምተናል፣ አይዞህ በሉት» ብለዋል። አይዞህ! ለእኔ!

ሙሐዲን ነው። ባለፈው ሳምንት ገሳይ ወርዶ ነበር። ሱቁ ሄጄ፣ አፍህን ብትዘጋ ምን ነበረበት? አልኩት። «ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። በጾም ልዋሽ?»

በሌላ ወር ቢሆን ይዋሽልኝ ነበር ማለት ነው። የእኔ ዕድል።

መጋቢት 9

ቆይ። በቅደም ተከተል።

የፕሮጀክቱን ሚዛን ለገበሬዎቹ ኮሚቴ ላስረክብ ሄድኩ። ሰጥቼ ልመለስ ነበር። አጥሩ ሥር ሰው ሞልቷል። ለምን? «በየዓመቱ በዚህ ወር አይደል የምንለየው?» አሉ አባ ይሻው።

የምንለየው። የእኔ ሥራ ይሄ ነበር። ሰው ተሰብስቦ፣ ከመካከላችን በጣም ድሃው ማን ነው? ተብሎ በአደባባይ ይጠራል። የተጠራው ይነሳል፣ ሰው ያየዋል፣ ይገባዋል አይገባውም ተብሎ ፊቱ ላይ ይከራከሩበታል። ተነሡ፣ ሰው ይያችሁ፣ እል ነበር። ግልጽነት ይባላል።

ስንዴ የለም፣ ምን ትለያላችሁ? አልኩ። ሰው የሰማኝ አይመስልም።

አባ ይሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእኔው ድምፅ ጀመሩ። እውነቴን ነው፣ አሳሳሌን ሳይቀር። መሬት የሌለው? ማንም። በሬ የሌለው? አጉረመረሙ፣ ማንም አልተነሳም። ያኔ እትዬ ፈንታነሽ ብድግ አሉ።

«አንድ ሰው አውቃለሁ። መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ላም የለው። የሚያድርበት ቤት የኪራይ ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ሥራም የለው።»

«ማን ይባላል?»

«ያው፣ ሚዛን አቅፎ የቆመው።»

ሳቁ ከተራራ እንደሚንከባለል ድንጋይ ወረደብኝ። ወደ መሐል ግባ ተባልኩ። ገባሁ። ለምን ገባሁ? እግሬ ነው የገባው።

ወዲያው ክርክር። ፋሲካ የሚባለው ጎልማሳ ተነሳ። «ይሄ የደብረ ታቦር ሰው ነው፣ የራሳችን ድሃ እያለ የውጭ ድሃ ልንቀልብ ነው?» አለ። ግማሹ ልክ ነው አለ። ሌላው ተቀበለ፤ ዘንድሮ ከሰጠነው ይለምዳል፣ በዓመቱ ጆንያውን ይዞ ይመጣል። ሌላዋ ደግሞ፣ ገበያ አውጥቶ ቢሸጠውስ ማን ያያል? አንዱማ፣ «ሚስቱ ደሞዝተኛ ናት፣ በራሱ ሕግ ይወድቃል» ብሎ ሊያድነኝ ነበር። ይህን ሁሉ የት ነው የሰማሁት? ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ በስልጠና፣ ከምሳ በፊት። ቃል በቃል። ያኔ ግን የሚባለው ስለ እነሱ ነበር፣ እኔም ማስታወሻ እይዝ ነበር።

እትዬ ፈንታነሽ አልተቀመጡም።

«እዚያ ማዶ ያሉት መስጠት ቢተዉ አልነቅፋቸውም። የራሳቸው ነው፣ እኛንም አያውቁን። ይሄን ልጅ ግን ስምንት ክረምት በጭቃ ሲመላለስ አይተነዋል። የምናውቀውን ሰው ትተን፣ የማያውቁን ረሱን ብለን የምናማበት አፍ አለን?»

ይሄ ከሳቁ ባሰብኝ።

«አልተቸገርኩም» አልኩ።

አባ ይሻው ወደ እኔ ዞሩ። «አልተቸገርኩም የሚለውን ምን አድርጉት ነበር የምትለን?»

«...በደንብ አጣሩት።»

«እናጣራለን እንግዲህ።»

ማጣራት ማለት፦ ሁለት ሰው ቤት ይሄዳል። አንዱ ጓዳ ይገባል፣ ጎታ ከፍቶ ያያል። ባለቤቱ ደጅ ይቆያል። ደጅ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አጠገባቸው ከቆመ ያፍራሉ ብዬ። ማን ያፍራል ብዬ ነበር?

መጋቢት 10

ሠናይት እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ጓዳውን መጥረግ ጀመረች።

ለማጣሪያ ቤት ይጠረጋል? አልኳት። እንግዳ አይደሉ እንዴ? አለች።

ጓዳችን... ምን አለ? ሽሮ። ቀድሞ ከገዛነው ጤፍ የቀረው በቅርጫት። የክረምቱን እያሰብኩ አይደለም። የማስበው ክዳኑን ሲያነሱ ነው።

መጋቢት 12

ሙሐዲን ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ሙሉ ጆንያ እህል አበድረኝ አልኩት፣ አጣሪዎቹ እስኪመለሱ ብቻ። ጓዳ ላቆመው። አይተው፣ ይሄማ ሞልቶለታል ብለው ይተዉኝ።

«በዕድሜዬ ከአጣሪ ጆንያ የሚደብቅ አይቻለሁ» አለ። «ለአጣሪ ጆንያ የሚበደር ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

አመሻሽ ላይ በጋሪ ላከው። ባቄላ ነው። ከባድ ነው። ተሸክሜ ሳስገባ ወገቤን ያዘኝ። ለመከበር ይህን ያህል ይከብዳል?

ሠናይት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «የማን ነው ካሉኝ የማን እንደሆነ እናገራለሁ» አለች። አትጠየቂም አልኳት። «ካልተጠየቅኩም ዝም ማለቴን አላውቅም» አለች።

መጋቢት 13

አልመጡም። መንገድ ተዘግቷል አሉ። ጆንያዎቹ ጓዳ ቆመዋል። ሳልፍ ቀና ብዬ አላያቸውም።

መጋቢት 15

ዛሬም የለም። ምናልባት ቀልድ ነበር? ቀልድ ቢሆን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?

ሀብታም አገር እኮ ከአንድ ነገር ያመልጣል፦ ጓዳው ገብቶ የሚያይ ሰው የለም። ሰጠም አልሰጠም በሩ የራሱ ነው። ደጅ የሚቆመው ሁልጊዜ ሌላ ነው።

መጋቢት 17

መጡ።

ጠዋት። ሠናይት ትምህርት ቤት አልሄደችም ነበር፣ ቅዳሜ... አይደለም፣ ረቡዕ ነው። ለምን እንዳልሄደች አልጠየቅኩም። በሩ ተንኳኳ። አባ ይሻውና እትዬ ፈንታነሽ። አይሱዙ ላይ ተጭነው ነው የመጡት፣ አቧራ ለብሰዋል። ከኋላቸው አጥሩ ሥር አንድ ጆንያ ቆሟል፣ አፉ በጥንቃቄ የተሰፋ። ስለ ጆንያው ማንም አላነሳም።

ሰላምታው ረዘመ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ውሃ ጠጡ፤ ጾም ነው ብለው ሌላ አልቀመሱም። ሁሉም ተስማማ ወይ? ብዬ ጠየቅኩ፣ ዝም ላለማለት።

«ማን ይስማማል?» አሉ አባ ይሻው። «አሁንም እየተጨቃጨቁ ነው። እኛ መኪናው እንዳያመልጠን ብለን መጣን።»

ከዚያ እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። እመራቸዋለሁ ብዬ ይሁን፣ ልከለክላቸው፣ አላውቅም። ሁለት እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ቆምኩ። በራሴ ሕግ ባለቤቱ ደጅ ይቆያል፤ ወደ ደጅ ወጣሁ። አባ ይሻው ተከተሉኝ፤ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረው።

የሠናይት ድምፅ ከውስጥ ተሰማኝ። «ይግቡ፣ እትዬ። እዚህ ነው» አለች።

«ባቄላው ግን...» ብላ ጀመረች፣ ዝግ ባለ ድምፅ። እትዬ ፈንታነሽ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ሲሉ ሰማሁ። አባ ይሻው አልሰማም እንደሚል ሰው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

የጓዳው በር ተዘጋ።