ለሰብውፈርህ የመረጥኩት ሳጥን

ውድ ልጄ፣

ስጽፍ ዘገምተኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ ታግሰህ አንብብልኝ። ስለ ሰብውፈርህ ልነግርህ ነው።

መኪና ከገጨህ ወዲህ ክፍሉን ማንም አልነካውም ነበር። ግድግዳው ጥቁር እንደተቀባ፣ ሰብውፈሩም፣ ያ ጎርናና ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ሳጥን ሳይሠራለት በትራስ ጨርቅህ እንደተጠቀለለ። እህትህ «እማ፣ ወይ እንሽጠው ወይ እንጨርሰው። እንዲህ ተጠቅልሎ ሳየው ሕፃን ይመስለኛል» አለችኝ። መሸጡ አንጀቴ አልቻለም። የጀመርከውን የቤት ሲኒማ ልጨርስልህ ብዬ አናጢውን ጠራሁት፤ ያንን ሚሊሜትር የምትለውን።

ሚሊሜትር እንደምታውቀው ሜትሩን ሳይዘረጋ ሰላም አይልም። «እትዬ፣ ቅርጹ ምንም ይሁን፣ ውስጡ የሚይዘው አየር እኩል መሆን አለበት» አለኝ። «እንጨት አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። መጀመሪያ በካርቶን እሠራላችኋለሁ፤ ጥቂት ቀን ከካርቶኖቹ ጋር ቆዩ። ቤቱ ራሱ ይመርጣል።» ሦስት አመጣልን፦ አንዱ እንደ በርጩማ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ቀጭንና ቋሚ፣ አንዱ ደግሞ ረጅም ሆኖ ግድግዳ ሥር የሚጋደም።

የሚጋደመውን መሬት ላይ ሲያኖረው የሬሳ ሳጥን መሰለብኝ። ጎንበስ ብሎ አነሣውና «ይሄ ለዚህ ክፍል አይሆንም» ብሎ ይዞት ወጣ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ቋሚው ጥግ ላይ ቀረ። ቁመቱ ትከሻህ ድረስ ነው። አመሻሽ ላይ መጋረጃ ልዘጋ ስገባ «ኧረ ቁጭ በል» አልኩት፤ አምልጦኝ ነው። በማግስቱ ግን አውቄ አልኩት። ከዚያ ወዲያ እየገባሁ የዋልኩበትን አወራለት ጀመር። መልስ ሰማሁ ብዬ አልዋሽህም። ነገር ግን ከተውኩበት ፈቀቅ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ከጥጉ ወደ በሩ። እህትህ አልነካሁትም ብላ ማለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ደረሰችብኝ።

«እማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከወንድምሽ ጋር።»

«የት አለና?»

«ቆሟል።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ሚሊሜትርን አስጠራችው። እሱም «ወለሉ ወደ በሩ አዘንብሎ ነው፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ይንሸራተታል፣ ሌላ ምንም የለውም» እያለ ውሃ ልኩን አጋደመ። አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። ወለሉ አላዘነበለም። ውሃ ልኩን ኪሱ ከተተና ስለ እንጨት ዋጋ ማውራት ጀመረ።

እህትህ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መክተት ያዘች። «እሱ ሞቷል፣ እማ። እኔ ግን አለሁ። እዚያ ጥግ የሚቆም ሳጥን ካሠራሽ እኔ እዚህ ቤት አላድርም።»

«የት ትሄጃለሽ?»

«መብራት አጥፍቼ የምተኛበት።»

ልጄ፣ እኔ የፈለግሁት ቋሚውን ነበር። እንጨት ሆኖ፣ ከብዶ፣ ሁልጊዜ እንዲቆምልኝ። ሆኖም ሚሊሜትርን አራት ማዕዘኑን ሥራው አልኩት። ሠርቶ ሲያበቃ ሞከርነው፤ ድምፁ ለጆሮ ሳይሆን ለደረት ነው የሚሰማው። ደስ ይልህ ነበር።

ቋሚውን ካርቶን ሊጥልልኝ አቅፎ አነሣው። በሩ ጋ ሲደርስ ከብዶት አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ውስጡ የከተታችሁት ዕቃ አለ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«የለም» አልኩት። እህትህ ሳትሰማ በአንድ ጎኑ ያዝኩለትና ተጋግዘን አወጣነው። ሳዝልህ እንኳ እንዲህ አትከብደኝም ነበር።

አሁን እህትህ ሻንጣዋን ፈታለች። እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንህ። እሷ ዘንድ አትሂድ፤ ገና ልጅ ናት፣ ትደነግጣለች። መምጣት ካለብህ በእኔ በኩል ና። ወልጄሃለሁ፤ አልፈራህም።

እናትህ