የማንም ያልነበረው እጅ

እማዬ፣

ነገሩ የተበላሸው አጎቴ ግድግዳው ፊት ቆሞ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ጊዜ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር በይኝ። እንደምን አለሽ? ጉልበትሽ ተሻለው? ይርጋለም ዝናቡ ገባ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታው እህል አላስበላ ብሎኛል። በስልክ ስለምታቋርጪኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ሥዕሌ አለቀ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ የሦስት ሰው ቁመት ያለው ግድግዳ ላይ። አሥራ ሰባት ቀን መወጣጫ ላይ ዋልኩ። አንዲት ሴት ከውሃ ትወጣለች፤ ፀጉሯ ደንገል ነው፣ ትከሻዋ ላይ ወፎች አርፈዋል። ትንሽ ቆም ብሎ ያየ ሰው ደግሞ ከደንገሉ መሀል ወደ ቁርጭምጭሚቷ የተዘረጋ እጅ ያያል።

በምረቃው ቀን ቀድማ ያየችው ዓሣ ሻጯ መዓዛ ናት። ይሄንንማ እጅ አውቀዋለሁ፣ የድሮ አከራዬ ነው አለች። ጨርቅ ነጋዴዋ ኡሙልኸይር ደግሞ፣ ተይ እንጂ፣ የኔ የመጀመሪያ ቀጣሪ ነው ስትላት ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። እጁን የማታውቅ አልነበረችም።

እኔ ግን የማንም አላደረግኩትም። አምስቱም ጣቶች ሙሉ ናቸው። የአጎቴን የግራ እጅ ትንሿን ጣት መጋዝ እንደቆረጣት ታውቂያለሽ። ምረቃው ላይ ከነበረው ወንድ ሁሉ እጁን የደበቀው ግን እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ደውሎ የተሣለው እጅ ላይ አበባ ሳዪበት አለኝ። ታቦር ሰፈር ያለው ቤቱ አኑሮ እንዳስተማረኝም አስታወሰኝ። ቀጥሎ አንቺ ደወልሽ፤ ወንድሜን አታዋርጂብኝ፣ አበባ ቢሆን ምን ይጎዳሻል አልሽኝ።

እማዬ፣ እዚያ ቤት ልትጠይቂኝ መጥተሽ ያደርሽ ዕለት ማታ እንደልማዴ ቁም ሳጥኑን ወደ መኝታ ቤቴ በር ስጎትት፣ ተነስተሽ በሌላው ጫፍ ያዝሽልኝ። ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም።

አበባ አልሥልም። ቅዳሜ ዝናብ እንዳያጥበው በቫርኒሽ እለብጠዋለሁ። እሁድ ነይና አብረን እንየው፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለልጅ ልጅ ያብቃሽ። ከእንግዲህ ግን ቁም ሳጥን አልጎትትም፤ ጎትቺ የሚለኝንም፣ አንቺም ብትሆኚ፣ አልሰማም።

የምትወድሽ ልጅሽ